አንዱ ቡድን ሲፈቅድ፣ ሌላው ሲከለክል

የመክፈቻ ጽሑፍ

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ባለፈው የበጀት መዝጊያ ሳምንት በምሠራበት ድርጅት የገጠመኝን ነገር ላስረዳና አንድ ጥያቄ ላቅርብ። አንድ ሠራተኛ በሁለት የተጠቃሚ ቡድኖች ውስጥ አባል ሆኖ አንዱ ቡድን ፋይል እንዲከፍት ሲፈቅድለት ሌላው ቢከለክለው፣ ስህተቱን መፈለግ ያለብን ከፖሊሲው (ማን ምን ማድረግ እንደሚችል ከሚወስነው ጽሑፍ) ነው ወይስ ከአባልነቱ? የእኔ አቋም ሰዎች አባል በሚሆኑበት ቡድን ላይ የክልከላ ፖሊሲ ማሰር ፈጽሞ መቅረት አለበት የሚል ነው።

የክፍያ ሰነዶቻችን ስካን ተደርገው የሚቀመጡት በአማዞን ክላውድ፣ ኤስ ስሪ በሚባለው ማከማቻ ላይ ነው። አንዲት ባልደረባዬ በኮንትራት ተቀጥራ ለሁለት ዓመት ያህል በግዥ ክፍል ከሠራች በኋላ ቋሚ ሆና ወደ ሂሳብ ክፍል ተዛወረች። በተዛወረችበት ዕለት የሂሳብ ክፍል ኃላፊው ደወሉልኝና ሂሳብ በሚለው ቡድን ውስጥ አስገባኋት፤ የክፍያ ሰነዶችን ለማየት ፈቃድ ያለው ይህ ቡድን ነው። ሰኔ 28 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሂሳቡ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የመጀመሪያውን ቫውቸር ልትከፍት ስትል መግባት እንደማትችል የሚገልጽ መልእክት ወጣባት።

የሂሳብ ቡድኑን ፖሊሲ አየሁት፤ ምንም ጉድለት የለበትም፤ ሌሎቹ የክፍሉ ሠራተኞችም ያለ ችግር ይከፍታሉ። ፈቃዱን በቀጥታ በስሟ አሰርኩላት፤ አልተከፈተም። ኃላፊው ለሦስተኛ ጊዜ ደውለው ኦዲተሮቹ አጠገባቸው ተቀምጠው እየጠበቁ መሆናቸውን ሲነግሩኝ፣ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሙሉ የአስተዳዳሪነት ፈቃድ ሰጠኋት። አሁንም አልተከፈተም። የስህተት መልእክቱን እስከ መጨረሻው ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው፤ የመጨረሻው ሐረግ በተጠቃሚዋ በኩል ከታሰረ ፖሊሲ የመጣ ግልጽ ክልከላ እንዳለ ይናገራል። ክልከላው የተገኘው ኮንትራት ከሚባል አሮጌ ቡድን ነበር። ቡድኑን የፈጠረው ከዓመታት በፊት ሥርዓቱን አቋቁሞልን የሄደ አማካሪ ሲሆን፣ ዓላማው የኮንትራት ሠራተኞች የክፍያ ሰነድ እንዳያዩ ማድረግ ነበር። ባልደረባዬ ቋሚ ስትሆን ከዚያ ቡድን ያስወጣት ሰው አልነበረም። አስወጣኋት፤ ሰነዱም ተከፈተ።

የከፋው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሙሉ ፈቃዱን ማንሳት ረሳሁ፤ አራት ወር በእጇ ቆየ። አንዲቱን በር ሳልከፍትላት የግቢውን ቁልፍ ሁሉ አስይዣት ነበር፤ እሷ ግን አላወቀችም። በዚያ ፈቃድ ራስን ከከልካዩ ቡድን ማስወጣት፣ አዲስ ተጠቃሚ መፍጠር ሁሉ ይቻላል። በቡድኑ ላይ ክልከላ ባይታሰር ኖሮ ከዚህ ሁሉ እንድን ነበር ብዬ አምናለሁ። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

እስከ አሁን የተሰጡትን ምላሾች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ፤ ቃል በቃል ሳይሆን ፍሬ ሐሳባቸውን ነው የወሰድኩት።

1ኛ ምላሽ

የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና ሰላምታ ካቀረበ በኋላ የአማዞንን የውሳኔ አካሄድ አስረዳ። በዚያ ሥርዓት መነሻው ሁሉም ነገር ዝግ መሆኑ ነው፤ ፈቃድ ከተጻፈ ይከፈታል፤ ግልጽ ክልከላ በአንድ ቦታም ቢሆን ከተገኘ ግን ፈቃዱ አንድም ይሁን መቶ ዋጋ አይኖረውም። ስለዚህ ፈቃድ በፈቃድ ላይ መደረቤ ከመነሻው የማይሠራ መፍትሔ እንደነበር ገለጸ። በቡድን ላይ ከሚታሰረው ሌላ በድርጅት ደረጃ የሚጻፈው የቁጥጥር ፖሊሲ፣ በተጠቃሚው ላይ የሚደረገው የፈቃድ ወሰን (ሊያገኝ የሚችለው ፈቃድ ጣሪያ) እና በማከማቻው በራሱ ላይ የሚቀመጠው ፖሊሲ ሁሉ በውሳኔው ውስጥ ድርሻ እንዳላቸው ጨመረ። አንድ ተጠቃሚ ከ10 ቡድኖች በላይ አባል መሆን ስለማይችልና ቡድንም በቡድን ውስጥ ስለማይገባ፣ የአባልነቷን ዝርዝር ማየት ግማሽ ደቂቃ እንኳ እንደማይፈጅ አስታወሰኝ። ልክ ነው፤ በስሟ ገብቼ ቡድኖች የሚለውን ብነካ ኖሮ የማገኘው ጥቂት ስም ብቻ ነበር።

2ኛ ምላሽ

ሁለተኛው ባጭሩ በአቋሜ መስማማቱንና እሱም በተመሳሳይ ምክንያት ግማሽ ቀን ማጥፋቱን ገለጸ።

3ኛ ምላሽ

ሦስተኛው ጸሐፊ አዙር የሚባለው የማይክሮሶፍት ክላውድ ባለሙያ ነው። ጥያቄዬ በእሱ ዘንድ እንዲህ ባለ መልክ እንደማይነሳ ጻፈ፤ ምክንያቱም በአዙር የሚና ሥርዓት (ሚና ማለት በአንድነት የሚሰጥ የፈቃዶች ስብስብ ነው) ፈቃዶች የሚደመሩ እንጂ የሚጋጩ አይደሉም። በዚህ ላይ ግን ብዙዎች የሚወድቁበትን ጉድጓድ ዘርዝሮ አሳየ። በአንድ ሚና ውስጥ ሁሉም ተግባር ተፈቅዶ መሰረዝ ብቻ በማይካተቱ ተግባራት ሥር ቢጻፍ፣ አንባቢው መሰረዝ የተከለከለ ይመስለዋል። ያ ሰው በሌላ ቡድን በኩል መሰረዝን የሚፈቅድ ሚና ካገኘ ግን ይሰርዛል። የማይካተት ማለት ከዚህ ሚና ተቀንሷል ማለት እንጂ ከሰውየው ተነፍጓል ማለት አይደለም። ይህ ማብራሪያ ለብቻው ይህን ክር (ተከታታይ የመድረክ ውይይት) ለመክፈት ያህል የሚበቃ ነው፤ እኔም ለዓመታት የተረዳሁት በተገላቢጦሽ ነበር።

4ኛ ምላሽ

አራተኛዋ ጸሐፊ የ3ኛውን ማብራሪያ አመስግና አንድ እርማት አደረገች። በአዙር የክልከላ ምደባ የሚባል ነገር አለ፤ ከፈቃድም ይቀድማል፤ ነገር ግን አስተዳዳሪው በእጁ የሚጽፈው ሳይሆን በሥርዓቱ አማካይነት በተወሰኑ አገልግሎቶች በኩል የሚፈጠር ነው። በመግቢያ ሁኔታዎች ላይ የሚጻፉት ፖሊሲዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ኢንትራ አይዲ ተብሎ በሚጠራው የማይክሮሶፍት የማንነት አገልግሎት ውስጥ ስለሚገኙ፣ እዚያ አንዱ ፖሊሲ ግባ ሌላው አትግባ ካለ የሚጸናው አትግባ ነው። 3ኛው ጸሐፊ እርማቱን በደስታ ተቀበለ።

5ኛ ምላሽ

አምስተኛው የጉግል ክላውድን አሠራር አመጣ። እዚያ ፈቃድ ከድርጅቱ ወደ ፎልደር፣ ከፎልደር ወደ ፕሮጀክት እየወረደ ይወረሳል፤ ከላይ የተሰጠውን ፈቃድ ከታች በሚጻፍ የፈቃድ ፖሊሲ መንጠቅ አይቻልም። ለመንጠቅ የተለየ የክልከላ ፖሊሲ መጻፍ ያስፈልጋል፤ እሱም ከፈቃዱ በፊት ይታያል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳሰበው ግን ጊዜ ነው። ሰውን ከቡድን ማስወጣት በስክሪኑ ላይ ወዲያው የተፈጸመ ቢመስልም፣ ለውጡ በሁሉም ቦታ እስኪደርስ ደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ሰዓታት ይፈጃል። ሠራተኛ በተሰናበተበት ቀን ከቡድን አስወጥቻለሁና ጨርሻለሁ ማለት እንደማይበቃ፣ አካውንቱን ማገድ መቅደም እንዳለበት አጥብቆ አሳሰበ።

6ኛ ምላሽ

እዚህ ላይ የክሩ መንፈስ ተለወጠ። ስድስተኛው ጸሐፊ ያለ ሰላምታ ነው የጀመረው። የእኔ ጥፋት በአማካሪው ክልከላ የሚሳበብ እንዳልሆነ፣ ክልከላው ሥራውን በሚገባ እንደሠራ፣ ያፈረሰው እጄ መሆኑን ጻፈ። የደመወዝና የክፍያ ሰነድ የሰዎች የግል መረጃ መሆኑን፣ በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላም ይህን መሰሉ ነገር የቢሮ ስህተት ብቻ ተብሎ እንደማይታለፍ አስጠነቀቀ። በአራቱ ወራት ውስጥ በዚያ ፈቃድ ምን እንደተሠራ መዝገቡን አይቼ እንደሆነ ጠየቀ። ካላየሁ ሌላው ውይይት ሁሉ ከንቱ እንደሆነ በመናገር ጨረሰ።

7ኛ ምላሽ

ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጠየቀው ተገቢ ስለሆነ ያለውን እንዳለ መለስኩ። የአማዞን የክንውን መዝገብ፣ ክላውድትሬይል የሚባለው፣ ለብቻው ማከማቻ ካልተዘጋጀለት በስተቀር የአስተዳደር ተግባራትን ለ90 ቀናት ብቻ ያሳያል። እኛ አላዘጋጀንም ነበር። የ90ውን ቀን መዝገብ አንድ በአንድ አየሁት፤ በስሟ የተፈጸመ አንድም የአስተዳደር ተግባር የለም። ከዚያ በፊት ያለው አንድ ወር ገደማ ግን አይታይም። እኔን እስከ ዛሬ የሚከብደኝ ይኸው ወር ነው፤ ባልደረባዬ ምንም አላደረገችም ብዬ በሙሉ አፌ የምመሰክርበት ማስረጃ የለኝም፤ ያልጠየቀችውን ፈቃድ ሰጥቼ ንጽሕናዋን የምታስረዳበትን መንገድ ዘጋሁባት። ፈቃድ ማብዛት ድርጅቱን ብቻ ሳይሆን የተሰጠውንም ሰው እንደሚጎዳ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

8ኛ ምላሽ

ከሁሉም ምላሾች ልቤን የነካው የዚህች እህት ነው፤ ሙያዋ የሰው ሀብት አስተዳደር እንጂ ኮምፒውተር አይደለም። እሷ ያነሳችው የዝውውር ደብዳቤን ነው። በመሥሪያ ቤቶቻችን ሠራተኛ ሲዛወር ደብዳቤ ይጻፋል፤ ከደብዳቤው ግርጌ ግልባጭ የሚል ዝርዝር አለ፦ ለሰው ሀብት፣ ለሂሳብ፣ ለሚለቅበት ክፍል፣ ለሚሄድበት ክፍል፣ ለግል ማኅደሩ። እሷ በእጇ ካረቀቀቻቸው የዝውውር ደብዳቤዎች ውስጥ ለአይሲቲ ክፍል ግልባጭ የተደረገበት አንድም እንደማታስታውስ ጻፈች። ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ክሊራንስ ይዞ በየክፍሉ ይዞራል፤ ንብረት ክፍል ላፕቶፑን ተረክቦ ይፈርምለታል፣ ሂሳብ ዕዳ እንደሌለበት ይፈርምለታል፣ አይሲቲም አካውንቱን ዘግቶ ይፈርምለታል። ከክፍል ወደ ክፍል የሚዛወረው ግን ክሊራንስ አይዞርም። ወንበሩን ይለውጣል፤ አሮጌው ፈቃድ ግን ተከትሎት ይሄዳል። በአሥር ዓመት ውስጥ አራት ክፍል የቀያየረ ሰው የአራቱንም ክፍሎች ቁልፍ ይዞ እንደሚቀመጥ፣ እንዲህ ያለውን ሰው ሁሉም ነባር ሠራተኛ ብሎ እንደሚያከብረው እንጂ ስጋት አድርጎ እንደማያየው ገለጸች።

ያቀረበችው መፍትሔ ለዝውውርም አጭር ክሊራንስ ማዘጋጀት ነው፤ የሚለቀው ክፍል ኃላፊ ሰውየው ከየትኞቹ ቡድኖች መውጣት እንዳለበት ፈርሞ እስካላስረከበ ድረስ የሚቀበለው ክፍል አዲስ ፈቃድ አይጠይቅለትም። እኔን የደወሉልኝ የሚቀበሉት ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ የግዥው ኃላፊ አልደወሉም፤ ለምን ይደውላሉ? ከእሳቸው ዘንድ የጎደለ ሰው እንጂ የጎደለ ፈቃድ አልነበረም።

9ኛ ምላሽ

ዘጠነኛው ጸሐፊ ደብዳቤ ከመጠበቅ ይልቅ ነገሩን ለሥርዓቱ መተው እንደሚሻል መከረ። በኢንትራ አይዲ ውስጥ አባልነትን አስቀድሞ ከተጻፈ ደንብ ጋር ማሰር ይቻላል፤ የሠራተኛው ክፍል ሂሳብ ከሆነ ወደ ሂሳብ ቡድን ይገባል፣ ክፍሉ ሲለወጥ በራሱ ይወጣል። ለዚህ ከፍ ያለ የአጠቃቀም ፈቃድ (ላይሰንስ) መግዛት እንደሚጠይቅ፣ ለውጡም በቅጽበት እንደማይደርስ አልደበቀም። በእሱ ቤት የገጠመው ችግር ግን ቀላልና አስቂኝ የማይባል ነበር፦ የሰው ሀብት ክፍሉ ግማሹን ሠራተኛ ፋይናንስ፣ ግማሹን ደግሞ ሂሳብና ፋይናንስ ብሎ መዝግቦ ስለነበር፣ ደንቡ የመጀመሪያዎቹን ብቻ አስገብቶ ሁለተኛዎቹን ውጭ አስቀረ።

10ኛ ምላሽ

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ስም ዞረ። አሥረኛዋ ጸሐፊ፣ ከአሜሪካ፣ የመሥሪያ ቤት ሥርዓቶች የአባት ስምን የቤተሰብ ስም እያደረጉ ሲመዘግቡ ስለሚፈጠረው ችግር ሰፋ አድርጋ ጻፈች። የእኛ ስም ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ አንድ መልክ የለውም፤ ፀሐይ የሚለውን ስም ራሱ በሦስትና በአራት ዓይነት ይጽፉታል፤ ፓስፖርቱ አንድ፣ የቅጥር ፎርሙ ሌላ ይሆናል። በዚህ የተነሳ አንድ ሰው ሁለት አካውንት ይከፈትለታል፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ክፍት ይቀራል። ተቃራኒውም አለ፦ የራሳቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆኑ ሁለት ሠራተኞች ባሉበት ቤት፣ ከዝርዝሩ ላይ ላይኛውን መርጣ በስህተት ሌላውን ሰው ወደ ደመወዝ ቡድን አስገብታለች። ከዚያ ወዲህ በስም ሳይሆን በሠራተኛ መለያ ቁጥር ካልሆነ ማንንም ወደ የትም ቡድን አታስገባም።

11ኛ እና 12ኛ ምላሽ

አሥራ አንደኛው የዘመን አቆጣጠርን አነሳ። ለጊዜያዊ ሠራተኞች የቡድን አባልነት የማብቂያ ቀን ሲሞላ፣ ደብዳቤው እስከ ሰኔ 30 ይላል፤ መዝጋቢው ጁን 30 ብሎ ሞላው። ጁን 30 በእኛ ሰኔ 23 ነው፤ ሰኔ 30 ደግሞ ጁላይ 7። የሂሳብ መዝጊያው ሊደርስ ሰባት ቀን ሲቀረው ስድስት ሰዎች በአንድ ሌሊት ከቡድናቸው ወጡ። አሥራ ሁለተኛው ደግሞ በጉግል ክላውድ ላይ በሥራ ሰዓት ብቻ እንዲገባ የሚያደርግ ሁኔታ ሲጻፍ፣ ጸሐፊው ከጠዋቱ 2 እስከ 11 የሚለውን የእኛን ሰዓት እንዳለ አስገብቶት እንደነበር ተረከ። ሥርዓቱ ሌላ ካልተነገረው የሚቆጥረው ከአገራችን በሦስት ሰዓት ወደኋላ በሆነው በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ነው፤ ስለዚህ በሩ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተከፍቶ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሠራተኛው ከምሳ ሲመለስ ማንም መግባት አይችልም ነበር።

13ኛ ምላሽ

አሥራ ሦስተኛው ጸሐፊ ተቆጣ። የተጠየቀው ስለ ክልከላና ፈቃድ ሆኖ ሳለ ክሩ ወደ ስምና ቀን መቁጠሪያ መሄዱ እንዳሳዘነው ገልጾ፣ ቁም ነገር ያለው ካለ እንዲጽፍ፣ ከሌለው እንዲተው ጠየቀ።

14ኛ ምላሽ

8ኛዋ እህት ተመልሳ መጣች። ቀን የአባልነት መጨረሻ፣ ስም ደግሞ የአባልነት መጀመሪያ ስለሆነ ከጉዳዩ እንዳልተወጣ በጨዋ ቃል ግን በማያወላዳ አነጋገር መለሰችለት። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ግጭቱ የሚታየው በፖሊሲው ላይ ይሁን እንጂ የሚጸነሰው ሰውን ወደ ቡድን ባስገባንበት ወይም ማስወጣት በረሳንበት ቅጽበት ነው።

15ኛ ምላሽ

አንድ አንጋፋ ባለሙያ ከዊንዶውስ ሰርቨር ዘመን ልምዳቸውን ይዘው ቀረቡ። ክልከላ ሁልጊዜ ያሸንፋል የሚለው አባባል በየቤቱ እውነት እንዳልሆነ አስረዱ። በዊንዶውስ የፋይል ሥርዓት ላይ፣ በፋይሉ በራሱ ላይ የተጻፈ ፈቃድ ከላይኛው ፎልደር የተወረሰን ክልከላ ያሸንፋል፤ የቅርቡ ከሩቁ ይቀድማልና። ዩኒክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ደግሞ የበለጠ የሚገርም አለ፦ የፋይሉ ባለቤት እንዳያነብ ተደርጎ ቡድኑ እንዲያነብ ቢፈቀድ፣ ባለቤቱ የዚያ ቡድን አባል ቢሆንም አያነብም፤ ሥርዓቱ መጀመሪያ ባለቤትነቱን አይቶ እዚያው ያቆማልና። እኚህ አባት የሰጡት ምክር ሁለት ዓይነት ቡድን ለይቶ መያዝን ነው፦ አንዱ የሰዎችን የሥራ ድርሻ የሚናገር፣ ሌላው ለአንድ ማከማቻ ወይም ፎልደር የሚፈቀደውን የሚናገር። ሰው የሚገባው በመጀመሪያው ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ቡድን ደግሞ በሁለተኛው ውስጥ ይገባል። ቡድን ካለቅጥ ሲበዛ የሚመጣውንም ነገሩን፤ በዊንዶውስ አንድ ሰው ከ1,015 ገደማ ቡድኖች በላይ አባል ከሆነ ጭራሽ መግባት ይከለከላል።

16ኛ ምላሽ

የእሳቸውን ምክር ያደነቀ አንድ ወጣት፣ በአማዞን ቡድን በቡድን ውስጥ ስለማይገባ አሠራሩ እንዳለ እንደማይሄድ አስታወሰ፤ እዚያ ቡድኖቹን በማውጫው (የሠራተኞች አካውንትና ቡድን በሚመዘገብበት ሥርዓት) ይዞ የፈቃድ ስብስቦችን ከእነሱ ጋር ማያያዝ እንደሚቀርብ ጠቆመ። የብዛቱ ችግር በክላውድም እንዳለ ጨመረ፤ ኢንትራ አይዲ ለመተግበሪያዎች በሚልከው ማስመስከሪያ (የተጠቃሚውን ማንነት የሚገልጽ ዲጂታል መልእክት) ውስጥ የሚይዘው እስከ 200 ቡድን ነው፤ ከዚያ ካለፈ ዝርዝሩን ትቶ መጠየቂያ አድራሻ ብቻ ይልካል። ያንን አድራሻ ማንበብ የማያውቅ መተግበሪያ ሰውየውን የምንም ቡድን አባል እንዳልሆነ አድርጎ ይመልሰዋል። በጣም ብዙ ቡድን ያለው ሰው ምንም እንደሌለው ሰው ሆኖ ይቆማል ማለት ነው።

17ኛ ምላሽ

የእኔን አቋም ፊት ለፊት የሞገተው ይህ ነው። ጸሐፊው የደኅንነት ባለሙያ ሲሆን፣ ክልከላን ከነአካቴው መተው አደገኛ እንደሆነ ተከራከረ። ማንም ሰው፣ አስተዳዳሪም ቢሆን፣ የክንውን መዝገቡን እንዳያጠፋ የሚያደርገው ክልከላ መኖር አለበት፤ ቦታው ግን የሰዎች ቡድን ሳይሆን ከሁሉም በላይ ያለው የድርጅቱ የቁጥጥር ፖሊሲ ነው። ከእኔ ጋር የተለያየንበት ነጥብ እዚህ ላይ ጠራ፦ ለሰው ሁሉ የሚሆን ክልከላ ከላይ ይጻፋል፤ ለአንዳንድ ሰዎች ብቻ የሚሆን ክልከላ ግን አብዛኛውን ጊዜ በስህተት የተሰጠን ፈቃድ ለመሸፈን የተለጠፈ ነው።

ቀጥሎ የሂሳብ ሰዎች በደንብ የሚያውቁትን ምሳሌ አመጣ። በክፍያ ቫውቸር ግርጌ ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው የሚሉ ሦስት የፊርማ ቦታዎች አሉ፤ አንድ ሰው በሁለቱ ላይ መፈረም የለበትም። ይህንን በክላውድ ላይ ለመጠበቅ አዘጋጅ በሚለው ቡድን ላይ ማጽደቅን የሚከለክል ፖሊሲ ማሰር መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰውየው ሁለቱም ቡድኖች ውስጥ መግባቱን ማንም አያውቅም፤ ክልከላው ዝም ብሎ ይሸፍነዋል። ከቡድኑ በወጣ ቀን ማጽደቅ ይችላል። መከልከል ያለበት ድርጊቱ ሳይሆን ሁለቱን አባልነት ባንድነት መያዙ ነው። ይህ አዲስ ሐሳብ አለመሆኑንም አስታወሰ፤ ዴቪድ ፌራዮሎ እና ሪቻርድ ኩን እ.ኤ.አ. በ1992 በሚና ላይ የተመሠረተውን የፈቃድ ሞዴል ካቀረቡ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ2004 የመጣው የአሜሪካ ደረጃ፣ አብረው የማይያዙ ሚናዎችን በምደባው ጊዜ መለየትን በውስጡ ይዟል።

18ኛ እና 19ኛ ምላሽ

አሥራ ስምንተኛው 17ኛውን በአንድ ነገር አረመ፦ የአማዞን የቁጥጥር ፖሊሲ በድርጅቱ ዋና አካውንት ላይ አይሠራም፤ ስለዚህ በዋናው አካውንት ውስጥ የዕለት ሥራ መሥራት አይገባም። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ከዚያ ግን ፈር ለቆ የሰው ሀብት ሰዎች በማያውቁት ቴክኒክ ውስጥ እየገቡ ነው ብሎ 8ኛዋን እህት በሚያስቀይም ቃል ተናገረ። የመድረኩ አስተባባሪ በ19ኛው ምላሽ ቃሉን አንስቶ አስጠነቀቀው። እኔም በዚህ አጋጣሚ ልናገር፦ በዚህ ክር ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ የሥራ ልማዴን የለወጠው የእሷ ምላሽ ነው።

20ኛ ምላሽ

ሃያኛው ኩበርኔቲስ በሚባለው የመተግበሪያዎች ማስተዳደሪያ ሥርዓት ውስጥ ፈቃድ መደመር ብቻ እንጂ ክልከላ የሚባል ነገር ከነጭራሹ እንደሌለ፣ ይህም ሰውን ወደ ቡድን ሲያስገቡ ሁለቴ እንዲያስቡ እንደሚያስገድድ ጻፈ።

21ኛ ምላሽ

በየሩብ ዓመቱ ስለሚደረገው የአባልነት ክለሳ የጻፈችው ባለሙያ ብዙዎቻችን የምናውቀውን እውነት ተናገረች። የክፍሉ ኃላፊ የአርባ ሰው ዝርዝር ይላክላቸዋል፤ ሁሉንም ምረጥ የሚለውን ነክተው ያጸድቃሉ። እሷ ዝርዝር መላክ አቁማለች። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ያ ሰው በዚያ ቡድን የተሰጠውን አገልግሎት ለመጨረሻ ጊዜ የነካበትን ቀን ታስቀምጣለች፤ አማዞን ይህንን መረጃ ራሱ ይሰጣል። ለዘጠኝ ወር ያልተነካ ፈቃድ አጠገብ ስማቸውን የሚያኖሩ ኃላፊ ጥቂት ናቸው። በእያንዳንዱ ቡድን መግለጫ ቦታ ላይም ሁለት ነገር ታስጽፋለች፦ ቡድኑ ለምን እንደተፈጠረና ባለቤቱ በምን ኃላፊነት ላይ ያለ ሰው እንደሆነ። እነዚህ ያልተሞሉለት ቡድን አዲስ አባል አይቀበልም።

22ኛ ምላሽ

ይህም የእኔ ነው። በመክፈቻው የያዝኩትን አቋም አሻሽያለሁ። ኮንትራት ከሚለው ቡድን ላይ ክልከላውን አንስቻለሁ፤ ለዚህ ግን መጀመሪያ የኮንትራት ሠራተኞች የክፍያ ሰነድ ሊያዩ የሚችሉበት ፈቃድ ከየት እንደመጣ መፈለግ ነበረብኝ። ያገኘሁት ሁሉም ሠራተኛ በሚለው ቡድን ውስጥ ነው፤ ከዓመታት በፊት አንድ ሰው የማከማቻውን ስም በዝርዝር ከመጻፍ ይልቅ «ሁሉም» ማለት በሆነው የኮከብ ምልክት (*) አልፎታል። አማካሪው ያንን ሰፊ ፈቃድ ከማጥበብ ይልቅ በላዩ ክልከላ ለጠፈ። ፈቃዱን ሳጠብበው ክልከላው የሚያስፈልግበት ምክንያት ራሱ ጠፋ። 17ኛው ያለው በትክክል ይህንን ነበር። የክንውን መዝገብ እንዳይጠፋ የሚያደርገውን ክልከላ በድርጅቱ ደረጃ ጽፌያለሁ፤ መዝገቡም አሁን በሌላ አካውንት ውስጥ ከ90 ቀን በላይ ይቀመጣል።

አንድ ቡድን ግን አሁንም አልተፈታልኝም። ስሙ ልዩ 2 ይባላል፤ ሦስት አባላት አሉት፤ ልዩ 1 የሚባል የለም፤ መግለጫው ባዶ ነው፤ ከሦስቱ አባላት አንዳቸውም ለምን እንደገቡበት አያውቁም።

23ኛ ምላሽ

1ኛው ጸሐፊ ተመልሶ፣ ልዩ 2ን ከመሰረዜ በፊት ፖሊሲውን ቀድቼ እንዳስቀምጥ፣ አባላቱን አንድ በአንድ በየሳምንቱ እንዳስወጣና የበጀት መዝጊያ እስኪያልፍ ቡድኑን ባዶውን እንዳቆየው መከረኝ። በዓመት አንዴ ብቻ የሚያስፈልግ ፈቃድ ዓመቱን ሙሉ የማያስፈልግ መስሎ ይታያል። ከዚያ ስለ ባልደረባዬ ጠየቀኝ፤ ከእሱ በቀር የጠየቀኝ የለም።

24ኛ ምላሽ

ለእሱ የመለስኩት ይህ ነው። ትናንት ለክፍሌ ኃላፊ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሙሉ የአስተዳዳሪነት ፈቃዱን እሷ እንዳልጠየቀች፣ እኔ በራሴ ውሳኔ ሰኔ 28 ቀን እንደሰጠሁ፣ መሰጠቱንም እንዳልነገርኳት፣ መዝገብ በሚገኝላቸው 90 ቀናት ውስጥ በስሟ ምንም የአስተዳደር ተግባር እንዳልተፈጸመ፣ መዝገብ ለሌለው ጊዜ ተጠያቂው እኔ መሆኔን አስፍሬያለሁ። ግልባጩ ለሰው ሀብት፣ ለሂሳብ ክፍል፣ ለአይሲቲ ክፍል እና ለእሷ የግል ማኅደር ሄዷል።